ባሕር ዳርና ደሴ በ27 ደቂቃ አይገናኙም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ በከተሞች መካከል ስላለው ርቀትና የበረራ ጊዜ

በጋዜጣችሁ የጉዞ ዓምድ ላይ በቅርቡ የወጣውን የከተሞች ርቀት ሠንጠረዥ በጥሞና ተመልክቼዋለሁ። በሠንጠረዡ ውስጥ ከባሕር ዳር እስከ ደሴ ያለው ርቀት 267 ኪሎ ሜትር፣ የበረራውም ጊዜ 27 ደቂቃ ተብሎ ሰፍሯል። አዘጋጁ ቁጥሮቹን ከመሬት ተነሥቶ እንዳልጻፋቸው ይገባኛል፤ እኔም በበኩሌ ሒሳቡን ሠርቼ እዚያው ውጤት ላይ ደርሻለሁ። ሆኖም ያንን መስመር አምኖ ከጎጃም ወደ ወሎ የሚነሣ መንገደኛ፣ በመኪናም ይሂድ በአውሮፕላን፣ 267 ኪሎ ሜትር የተባለውን ርቀት የትም አይጓዘውም፤ 27 ደቂቃ የሚፈጀውንም በረራ የሚሸጥለት የለም።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም፣ የማስተምረውም ጂኦግራፊ ስለሆነ ጉዳዩ በሁለት በኩል ይመለከተኛል። ተማሪዎች በጋዜጣ የታተመን ቁጥር እንደ ማስረጃ ይዘው ክፍል ይገባሉ፤ ወላጆቻቸው ደግሞ ለልቅሶም ለሠርግም ወሎ ድረስ የሚሄዱበት ጊዜ አለና ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጠይቁኛል። ለተማሪው የሚሰጠው መልስ ለወላጁ አይሆንም። ሠንጠረዡ የተማሪውን መልስ ወስዶ ለወላጁ ሰጥቶታል የሚል እምነት ስላለኝ፣ ነገሩን በዝርዝር ለማስረዳት ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ 267 ኪሎ ሜትር ከየት እንደመጣ ልግለጽ። ደሴ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት የደሴ በረራ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የኬክሮስ ልዩነት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የኬንትሮሱ ልዩነት ግን ወደ 2.4 ዲግሪ ይጠጋል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የኬንትሮስ ዲግሪ ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ በእኛ አካባቢ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ኮምቦልቻ ከባሕር ዳር 58 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 261 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ምሥራቅ ትገኛለች ማለት ነው፤ ሁለቱን በፓይታጎረስ ደንብ ብናጣምራቸው 267 ይወጣል። ለእንዲህ ያለ አጭር ርቀት የምድር ክብነት ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያመጣም። ይህንን 267 በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ብናካፍለው 27 ደቂቃ እናገኛለን። የሠንጠረዡ ሒሳብ በሙሉ ይኸው ነው።

ይህ መስመር በየትኞቹ አገሮች ላይ እንደሚያልፍ በካርታ ላይ ማስመሪያ አኑሮ ማየት ለማንም ደስ ይላል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ቀኝ ይተወዋል፤ በእስቴና በስማዳ በኩል አልፎ የበሽሎን ሸለቆ ይሻገራል፤ ኮምቦልቻ ሊደርስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ደግሞ መቅደላ አምባ ላይ ይደርሳል ማለት ይቻላል። ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ሲሰማ ዐፄ ቴዎድሮስን ማስታወሱ አይቀርም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አካባቢ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በቀጥታ መስመር ቢለካ 155 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ያ ርቀት ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ መንገዱን እየጠረጉ፣ ድንጋዩን እየፈለጡ፣ መድፉን በሰው ጉልበት ገደል እያወረዱና እያወጡ ነበር የተጓዙት። የአገራችን መልክዐ ምድር ያኔም ዛሬም ቀጥታ መስመርን ብዙ አያስተናግድም። ዛሬ በመኪና ከባሕር ዳር ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው በበሽሎ ሸለቆ በኩል ሊያቋርጥ አይሞክርም፤ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ቻይናውያን በደርግ ዘመን በሠሩትና ሕዝቡ እስካሁን የቻይና መንገድ በሚለው በኩል ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫንና ጋሸናን አልፎ ወልድያ ይወርዳል፤ ከወልድያም ወደ ደቡብ ዞሮ በመርሳና በሐይቅ በኩል ደሴ ይገባል። ይህ ሁሉ ሲደመር ወደ 480 ኪሎ ሜትር ነው።

ስለ መኪናው ይህን ያህል ካልኩ፣ ሠንጠረዡ የተዘጋጀው ለአውሮፕላን ነውና ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ። ዋናው ነጥቤም እዚህ ላይ ነው። የአገር ውስጥ በረራዎቻችን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ናቸው፤ ከባሕር ዳር ኮምቦልቻ ለሚሄድ መንገደኛ የሚቆረጥለት ትኬትም በቦሌ በኩል የሚያልፍ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ቦሌ ያለው ቀጥታ የአየር ርቀት 333 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከቦሌ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ደግሞ 253 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምሩ 586 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሠንጠረዡ ከሰጠው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ነው። ከዚህም የሚገርመው፣ መንገደኛው በአየር ላይ የሚጓዘው ርቀት በመኪና ከሚጓዘው 480 ኪሎ ሜትር በመቶ ኪሎ ሜትር ያህል መብለጡ ነው። አውሮፕላን መንገድ ያሳጥራል የሚለውን አባባል በልጅነቱ የሰማ ሁሉ፣ ለእነዚህ ሁለት ከተሞች ሲሆን ቃሉን መልሶ ሊያስብበት ይገባል፤ ጊዜ ያሳጥር ይሆናል፣ መንገዱን ግን አስረዝሞታል።

ከፍኖተ ሰላም ለሚነሣ ሰው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠማዘዛል። ከተማችን ከአዲስ አበባ 387፣ ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። መንገደኛችን ከመናኸሪያ አባዱላ ተሳፍሮ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ሰሜን ባሕር ዳር ይወጣል። ከባሕር ዳር የተነሣው አውሮፕላን ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ መልሶ ወደ አዲስ አበባ ሲበር፣ በቀጥታ መስመሩ ላይ የሚያገኘው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጮቄን ተራራ ነው። ጮቄ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ ነው የሚገኘው። በሌላ አነጋገር፣ ያ መንገደኛ ሦስት አራት ሰዓት በመኪና የወጣውን ያህል በጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በመስኮቱ በቀኝ በኩል ወደ ምዕራብ ቢያማትር ከቤቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደራቀ ሊያይ ይችላል። ከዚያም አልፎ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይን ድልድይ ከላይ እየተመለከተ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ እንደገና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይበራል። ከጎጃም ወደ ወሎ ለመሻገር የተነሣ ሰው አንዴ ወደ ሰሜን፣ አንዴ ወደ ደቡብ፣ እንደገና ወደ ሰሜን ተመላልሶ ነው ወሎ የሚደርሰው። (በምሥራቅ ጎጃም በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ መካነ ሰላም ስለሚወስደው አቋራጭ ብዙ የሚባል ቢኖርም፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።)

አሁን ወደ ጊዜው እመጣለሁ። ርቀትን በፍጥነት አካፍሎ የበረራ ጊዜ ማለት፣ አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ በአየር ላይ ተወልዶ በሙሉ ፍጥነቱ በአየር ላይ ይሞታል ብሎ እንደማሰብ ነው። በአጫጭር የአገር ውስጥ መስመሮቻችን ላይ የሚሠራው ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን በከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ሊበር ይችላል። ነገር ግን ይህን ፍጥነት የሚይዘው ከፍታውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ በአጭር በረራ ላይ ከፍታውን ጨርሶ ጥቂት እንደበረረ ወዲያው መውረድ ይጀምራል። ከመነሣቱ በፊት ከቆመበት ተነሥቶ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይነዳል፤ ተራ ይጠብቃል። ሲያርፍም እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ከየትኛው ጫፍ እንደሚገባ ተወስኖለት ዞሮ ይገባል፤ ቦሌ ላይ ከዓለም አቀፍ በረራዎች ጋር ተሰልፎ የሚጠብቅበትም ጊዜ አለ። ከፍታችንም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፦ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ፣ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደር ያስፈልገዋል፣ በተለይም ቀኑ ሲሞቅ።

አየር መንገዶች ይህን ሁሉ ስለሚያውቁ በጊዜ ሰሌዳቸው ላይ የሚያሰፍሩት፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንሥቶ መድረሻው ላይ ደርሶ እስከሚቆምበት ደቂቃ ያለውን ጊዜ ነው። 333 ኪሎ ሜትር ለሆነው የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ መስመር በማካፈል የሚገኘው ጊዜ 33 ደቂቃ ሲሆን፣ የጊዜ ሰሌዳው የሚይዝለት ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻም እንዲሁ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ቦሌ ላይ የሚቆየው ጊዜ እንደ ዕለቱ በረራ ይለያያል፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስና መፈተሽ፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከኮምቦልቻም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ወጥቶ ደሴ መግባት አለ። ለባሕር ዳር ነዋሪ ይህ ቢያንስ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ለሚነሣ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ የባሕር ዳሩ በረራ የጠዋት ከሆነም በዋዜማው ወጥቶ ባሕር ዳር ማደር ግድ ይሆንበታል።

በእንዲህ ያሉ ሠንጠረዦች ላይ ደጋግሜ የማየው ሌላ ስሕተት ስላለ እግረ መንገዴን ላንሣው። በአቪዬሽን ዓለም ርቀት የሚለካው በኖቲካል ማይል ነው፤ አንድ ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር ነው። በተለምዶ ማይል የምንለው የየብስ ማይል ግን 1,609 ሜትር ብቻ ነው። የባሕር ዳርና የቦሌ ርቀት በኖቲካል ማይል 180 ያህል ነው። ይህንን 180 ከአንድ የበረራ ሰነድ ላይ አግኝቶ በተለመደው 1.6 የሚያባዛ ጸሐፊ 288 ኪሎ ሜትር ብሎ ይጽፋል፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ከገበያ ወጣ ማለት ነው። ለአንድ ከተማ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች በሁለት ጋዜጦች ላይ ስናይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከርቀቱም ከፍጥነቱም በላይ መንገደኛውን የሚጎዳው ግን የሰዓት አጻጻፉ ይመስለኛል። ትኬት የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ እኛ ደግሞ ቀናችንን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው በረራ 13 ወይም 16 ተብሎ ሲጻፍ እንግዳ ቁጥር ስለሚሆን ሰው ቆም ብሎ ይጠይቃል። አደገኛው የጠዋቱ ነው፤ 07፡10 የሚለው ሲታይ የምናውቀው ሰዓት ይመስላልና ማንም አይጠይቅም። የሰፈሬ ሰው የሆኑ አንድ እናት ደሴ ላይ የወለደች ልጃቸውን ለመጠየቅ ሲነሡ የሆነው እንዲህ ነው። ትኬቱን የቆረጠላቸው ቢሮ መልእክቱን አብሯቸው ወደሚኖረው ወንድ ልጃቸው ስልክ ልኮ ነበር፤ ልጁም ሰባት ሰዓት ከዐሥር ብሎ አነበበላቸው። እሳቸውም የገንፎ ዱቄቱንና ቅቤውን በዘንቢል ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በጠዋቱ አባዱላ ባሕር ዳር ደረሱ፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ነበሩ፤ ቀደም ብለው በመድረሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ወረቀቱን አይቶ፣ “እማማ፣ ይኸ እኮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የሄደው” አላቸው። ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀምጠው “የኔ ልጅ፣ ሰባት ይላል እኮ” ማለታቸውን እሳቸው ራሳቸው ሲያወሩ ነው የሰማሁት። ቢሮው ሲሸጥላቸው አንድ ጊዜ በአፉ “ከጠዋቱ አንድ ሰዓት” ቢላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ጋዜጣም ስለ በረራ ሲጽፍ ይህንን መዘንጋት የለበትም፤ የበረራ ሰዓት በሠንጠረዥ ሲወጣ አጠገቡ በእኛ አቆጣጠር ካልተጻፈ፣ ለጎጃም ገበሬና ለደሴ ነጋዴ ተጽፏል ማለት ይከብዳል።

በየብስ መንገድም ቢሆን ኪሎ ሜትር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቀጥታ ርቀት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ግን ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ስለሚወጣ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የጫነ ከባድ መኪና ከፊት ከቀደመ ደግሞ ጊዜውን የሚወስነው ያ መኪና ነው። በባሕር ዳርና በደሴ መካከልም በጉና ግርጌ የሚያልፈው ደጋና ወደ ወልድያ የሚወርደው ቁልቁለት አለ። 480 ኪሎ ሜትሩ በደህናው ጊዜ ሙሉ ቀን የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር የተነሣ መንገድ የሚዘጋበትና ሰው ከመናኸሪያ የሚመለስበት ጊዜ ስለበዛ፣ አቅም ያለውም የሌለውም ተበድሮም ቢሆን ስለ አውሮፕላን መጠየቅ ጀምሯል። ስለ በረራ ጊዜ የሚጻፍ ነገር ቀድሞ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቅም መረጃ ነበር፤ ዛሬ ግን የታመመ ዘመድ ያለበት ገበሬ ሳይቀር ያነብበዋል።

የባሕር ዳርና የጎንደር መስመርም በሠንጠረዡ ውስጥ እንደዚሁ ተሰልቷል። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ነው የሚበልጠው፤ አብዛኛውም በጣና ላይ የሚያልፍ ነው። መኪናው ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞሮ በወረታና በአዲስ ዘመን ስለሚሄድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በሠንጠረዡ ሒሳብ በረራው ዐሥር ደቂቃ ሆኗል፤ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላን ተነሥቶ፣ ከፍታ ይዞ፣ ወርዶ ያርፋል ብሎ የሚያምን አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በመኪና የሚደረስበትን ከተማ በአውሮፕላን የሚያስኬድ ምክንያት በደህናው ጊዜ እምብዛም የለምና።

ስለዚህ ለጋዜጣው አዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ስላለው ርቀት ስትጽፉ፣ የአየር ርቀት ይሁን የመንገድ ርቀት፣ ከምንና እስከ ምን እንደተለካ ለይታችሁ ጻፉ። የበረራ ጊዜ ስትጽፉ ርቀትን በፍጥነት ከማካፈል ይልቅ በጊዜ ሰሌዳ ላይ ያለውን ጊዜ ውሰዱ፤ ቀጥታ በረራ ከሌለም በየት በኩል እንደሚታለፍና ስንት በረራ እንደሆነ ግለጹ። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አውጡ። ይህ ሁሉ ቦታ ይፈጃል የሚል መልስ እንዳይሰጠኝ፣ ለዚያው ለባሕር ዳርና ለደሴ መስመር ሊጻፍ ይችል የነበረውን እንደ ምሳሌ አቀርባለሁ፦

“ባሕር ዳር – ደሴ፤ በመኪና በወረታና በወልድያ በኩል 480 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሙሉ ቀን። በአውሮፕላን በአዲስ አበባ በኩል፣ ሁለት በረራ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ያህል፣ የቦሌው ቆይታ ሳይጨምር፤ ማረፊያው ኮምቦልቻ፣ ከዚያ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር በመኪና። ቀጥታ የአየር ርቀት 267 ኪሎ ሜትር።”

ከአክብሮት ጋር

አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ፍኖተ ሰላም፣ ምዕራብ ጎጃም